ውኃ ለማየት የሚሄድ ሰው

ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ላይ ቦርሳችንን አዝለን ከግቢ ስንወጣ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን የሚሄዱት ጎረቤታችን በር ላይ አገኙን። «ለጠበል ነው ልጆቼ?» አሉን። ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ ላይ በዚያ ሰዓት ቦርሳ የያዘ ሰው ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣ ነው፤ ሌላ አይታሰብም። ጓደኛዬ «አይ እማማ፣ ጢስ ዓባይን ልናይ ነው» አላቸው።

«እዚያ ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ?»

እማማ የጠየቁት ከልባቸው ነው፤ «በሰላም ይመልሳችሁ» ብለው መርቀውም ሸኝተውናል። ከዚያ በኋላ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ይህችን ጥያቄ ያልጠየቀን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የአውቶቡሱ ረዳት፣ የአልጋ ቤቱ ተቆጣጣሪ፣ ፏፏቴው መግቢያ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር። ለግሸን የሚሄድ ይታወቃል፣ ለቁልቢ የሚሄድ ይታወቃል፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግድ የሚሄድም እንዲሁ። ቦርሳ ያዘለ ፈረንጅ ሲያልፍም ቱሪስት ነው ይባልና መንገድ ይጠቆመዋል። አገሩን ለማየት ብቻ ከቤቱ የወጣ ሀበሻ ግን ከየትኛውም አይመደብም፣ የሚጠብቀውም ሰው የለም። የሰለቸኝ ይህ ነው።

ጢስ ዓባይን ማየት የእኔ ብቻ ምኞት አልነበረም። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ፏፏቴውን ያወቀው በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። ዳቦ ግዙ ተብለን ስንላክ በእጃችን ጨብጠን የምንሮጠው እሱን ነበር። ኖቷ በሳንቲም ተተክታ ከኪሳችን ከጠፋች በኋላም ጓደኛዬ አንዷን በሱቁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧት ነበር፤ ስንነሳ በመታወቂያው መያዣ ውስጥ ከቷት መጣ።

እሱ የሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ መጥተው እንጦጦ ሥር ከሰፈሩት ሸማኔዎች አንዱ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ዋናው መንገድ ዳር የሀበሻ ልብስ ይሸጣል። የሽሮ ሜዳን ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ነሐሴ ጋመስ ሲል የዘመን መለወጫ ሸማች ይጀምራል፣ እስከ መስቀል ማግስት ድረስ ሱቅ ዘግቶ መሄድ አይታሰብም። ከዚያ ገና ይመጣል፣ ጥምቀት ይመጣል፣ ጥር ሙሉውን ሠርግ ነው። ፋታ የሚገኘው ሠርጉ ቆሞ ሁዳዴ ሲቃረብ፣ የካቲት ላይ ነው። ዓባይ ደግሞ የሚሞላው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። የጓደኛዬ ፋታና የውኃው ወቅት አይገናኙም። ይህን እያወቅን ነው የሄድነው፤ «ቢያንስ ድምፁን እንሰማለን» አለኝ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር።

ወደ ጎጃም የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉ በአዲሱ ገበያ አልፎ ነው ወደ ሱሉልታ የሚወጣው። አዲሱ ገበያ ከእኛ ሰፈር ቅርብ ነው። ለመሳፈር ግን ቁልቁል መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ መውረድ ግድ ነው፤ በዚያ ሌሊት ታክሲ ስለሌለ በኮንትራት። ከአውቶቡሱ ትኬት ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ እዚያው ወጣ። አሥር ሰዓት ላይ ድረሱ ተብለን ደረስን፤ አውቶቡሱ የተንቀሳቀሰው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። በመካከሉ በጨለማ ውስጥ ቦርሳችንን ከጀርባችን ለመንጠቅ የሚታገል «ልሸከም» ባይ፣ ትኬት ቆርጠን ሳለ «ወንበር ላስይዝ» የሚል፣ ለመጸዳጃ ቤት ብር ተቀብሎ መጸዳጃው ዝግ መሆኑን የማይናገር ሰው ሁሉ አገኘን። ሊነጋ ሲል አውቶቡሱ አዲሱ ገበያ ደረሰ። ጓደኛዬ በመስኮቱ ወደ ሰፈራችን አቅጣጫ አየና ምንም አላለም። እኔም ዝም አልኩ። ከሌሊት ጀምሮ ተንከራትተን፣ ብር ከፍለን፣ ተመልሰን ከቤታችን ጓሮ ነበርን።

ረዳቱ «ቦርሳው ፖርቶመጋላ ላይ ይውጣ» አለ። እሺ አልን። ለማውጫ ብር ጠየቀ፤ ባህር ዳር ስንደርስ ደግሞ ሌላው ለማውረጃ ጠየቀ። ታሪፉ ላይ የጭነት ዋጋ የሚል መስመር አላየንም፤ ሲጠየቁም «ሁሉም ይከፍላል» ነው መልሱ። ሁሉም ስለሚከፍል ትክክል ይሆናል ማለት ነው?

የመስኮቱ ነገር ደግሞ የሁላችንም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ ከወለሉ ወደ ላይ ይመጣ ጀመር። መስኮት ሲከፈት ከኋላ «ዝጉት፣ ንፋስ!» ይባላል። ሕፃን ያዘለች እናት እንዲህ ብትል አልፈርድባትም፤ ልጇን ነው የምትጠብቀው። የጮኹት ግን ጤነኛ ጎልማሶች ነበሩ። አንዱ መንገደኛ ሲያስታውክ እንኳ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ይህን ጉዞ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል፤ እስከ ደጀን አብሮን ወጣ።

ባህር ዳር ስንገባ መሽቷል። አንድ አልጋ ቤት ገብተን ባለሁለት አልጋ ክፍል ጠየቅን። ተቆጣጣሪው ልጅ መታወቂያችንን አገላብጦ አየና «ሁለት ወንድ በአንድ ክፍል አናሳድርም» አለን። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል እያለ! ሌላ ቤት ሄድን፤ ያው። ገንዘብ ለመቆጠብ አብረው የሚጓዙ ጓደኛሞች ወንድማማችም ቢሆኑ በየከተማው የሚደርስባቸው ይህ ነው። ለየብቻ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ ለሁለተኛው ሌሊት የያዝነው ብር በአንዱ አለቀ። ጓደኛዬ ግድግዳውን አንኳኩቶ «ደህና እደር» አለኝ።

ጢስ ዓባይ ከባህር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሄድን፣ ትኬት ቆረጥን። አስጎብኚ ያዙ ተባልን። መንገዱ የታወቀ ነው፣ ሕዝብ ገበያ የሚመላለስበት ነው፤ ቢሆንም ያዝን። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ነገር ግን ገለጻውን የጀመረው በእንግሊዝኛ ነው። ጓደኛዬ «ወንድሜ፣ በአማርኛ ንገረን» ሲለው ልጁ ቆም አለ፤ በአማርኛ ያልተለማመደው ነገር ሆነበት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው የአላታ ድልድይ ላይ ስንደርስ ግን የሰፈሩን ታሪክ ይነግረን ጀመር፤ ከዚያ በኋላ መልካም የመንገድ ጓደኛ ሆነልን። አንዲት ሴት ጭነቷን ይዛ በድልድዩ ስታልፍ ገለል አልንላት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አለፈች፤ ቦርሳችንን አይታ ምን ልትሠሩ ያላለችን ሰው እሷ ብቻ ናት።

ከዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ጓደኛዬ ኖቷን ከመያዣው አወጣት። ፏፏቴው ሲሞላ 400 ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ቁመቱ ወደ 45 ሜትር ነው። እኛ ያየነው ከአንዱ ዳር የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው፤ የቀረው ጥቁር ገደል ነበር፣ ደረቅ፣ ሣር የበቀለበት። ኖቷን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ከገደሉ ጋር አስተያያት። ከብዙ እጅ ማለፍ ጠርዟ ሳስቷል፣ መሃሏ ላይ የእጥፋቱ መስመር ሥዕሉን ለሁለት ከፍሎታል፤ ውኃው ግን እዚያ ላይ ሙሉ ነው። ቆየት አለና መልሶ አጠፋት። ድምፁን እንኳ በደንብ አልሰማንም።

የውኃው መሳሳት የበጋ ነገር ብቻ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ትንሽ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ሲጨመር ውኃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይኑ ይሄድ ጀመር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ይወርዳል። በመብራት አንጣላም። ሽሮ ሜዳ ላይ መብራት ሲጠፋ የጥልፍ ማሽኑ ይቆማል፣ የበዓል ቀጠሮ ይበላሻል፤ ጓደኛዬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ስንመለስ ጥበቃውን «ውኃው እንደሌለ ትኬት ስንቆርጥ ለምን አልነገራችሁንም?» ብለን ጠየቅነው። «አልጠየቃችሁም» አለን። ውኃው መቼ በዛ ብሎ እንደሚለቀቅ ስንጠይቅ አንዱ በበዓል አለ፣ አንዱ ቅዳሜና እሑድ አለ፣ አንዱ ክረምት ጠብቁ አለ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለመጣ ሰው ሦስት መልስ!

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት ያ መንገድ ራሱ ስጋት ሆኗል። ይህን ከመስኮትና ከቦርሳ እሮሮ ጋር አላደባልቀውም፤ በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሞቷል፣ ሰው ታግቷል። ያኔ የተማረርንበት አውቶቡስ ዛሬ የሚናፈቅ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሰላም ሲወርድና መንገዱ ሲከፈት ግን ሁሉም እንደነበረ እንዲጠብቀን አልፈልግም።

ጓደኛዬ ኖቷን መሳቢያው ውስጥ መልሷታል። እኛ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የጎጃም አውቶቡስ አዲሱ ገበያ ላይ ቆሞ ትኬት የያዘውን ሰው ያሳፍር። የጭነት ዋጋ ይጻፍ። አልጋ ቤቶች፣ ለሁለት ጓደኛሞች ባለሁለት አልጋውን ክፍል አከራዩ። ጢስ ዓባይ ትኬት የምትቆርጡ ወገኖች ደግሞ፣ ውኃው የሚለቀቅበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ መስኮታችሁ ላይ ለጥፉት፤ ባህር ዳር መናኸሪያ ላይም አንድ ቅጂ ይለጠፍ፣ በአማርኛ።