ኔትወርክ ያልጠበቀው ቫይረስ

በ2012 ዓ.ም.፣ ዓለም በኮሮና ቤቷን ዘግታ በተቀመጠችበት ወራት፣ ብሪታንያ ውስጥ የስልክ ማማዎች ይነዱ ጀመር። በሽታውን የሚያሰራጨው 5ጂ ነው ተባለና ክብሪት ተጫረ። በርሚንግሃም ላይ ለኮሮና ሕሙማን የተዘጋጀውን ጊዜያዊ ሆስፒታል የሚያገለግል ማማ ሳይቀር ጋየ። ወሬው ራሱ በምን ተዳረሰ? በስልክ ነዋ!

እውነቱን ለመናገር ሰዎቹን አልፈርድባቸውም። ቫይረስ ምን ጠላት ይባላል? ፊት የለው፣ አድራሻ የለው፣ ክፋት እንኳ አያውቅ። ማማ ግን አደባባይ ላይ ተገትሯል፤ ባለቤቱ ሀብታም ነው፤ ደግሞም ይቃጠላል። በዚያ ላይ ሌላው ሕዝብ ተኝቶ ሳለ አንተ ብቻ ነቅተሃል። ይህን ማዕረግ የትኛው ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሌሊት ይሰጣል? ሳይንቲስቱ "ሐሰት ነው" ካለ ተከፍሎት ነው፤ ዝም ካለም ፈርቶ ነው። ከእንዲህ ያለ ተከራካሪ ጋር ፍርድ ቤት አያገናኝ።

እኛ አገር ኮሮና የገባው መጋቢት 2012 ነው። አዲስ አበባ 5ጂን ለሙከራ ያየችው ደግሞ በ2014። ቫይረሱ ኔትወርክ እስኪዘረጋለት መጠበቅ ነበረበት፤ ምን ያደርጋል፣ ሥርዓት አያውቅም።