አይ ሰባት ይሁን እንጂ

ለፎቶና ለቀላል ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሱቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፦ «ኮር አይ ሰባት ነው?» ነው ከተባለ ሌላው ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ባለ ሁለት ኮር አይ 7፣ በ2017 የወጣውን ባለ አራት ኮር አይ 5 በስሙ ብቻ ያስከነዳዋል። ትውልድ የሚቆጠረው ለሰው እንጂ ለፕሮሰሰር አይደለማ! ስክሪኑንስ ማን አይቶት? ብዙ ርካሽ ስክሪኖች ኤስአርጂቢ ከሚባለው የቀለም ክልል የሚያሳዩት 60 በመቶ ገደማውን ነው። ኤዲተሩ የሙሽሮች ካባ ቀይ ደብዝዞ ሲታየው ቀዩን ይጨምራል፤ ፎቶው ሲታተም ሙሽሮቹ በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ጥፋተኛው ግን ምንጊዜም አታሚው ነው።

«ቪዲዮ እኮ ጉልበት ይፈልጋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን 8 ጊጋባይት ራም ከሞላ በኋላ የትኛውም ጉልበተኛ ፕሮሰሰር ቆሞ ይጠብቃል። «ብር የለም» የሚለውም አያስወቅስም፤ ብር ስለሌለማ ነው ያለው ለ16 ጊጋባይት ራም፣ ለኤስኤስዲና ለደህና ስክሪን መዋል ያለበት። ስሙን ብቻ የሚፈልግ ግን ለምን ይከስራል? «አይ ሰባት» የሚለውን ተለጣፊ ለብቻው ገዝቶ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ይለጥፍ፤ ደንበኛው እንደሆነ ከዚያ ወዲያ አያነብም።