ወንደላጤ መሆኔ ይጻፍልኝ

ባለፈው ማክሰኞ ያላገባ ማስረጃ ላወጣ ወረዳ ሄድኩ። በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ተደርድረው ሳሉ እኔ ማታውኑ በእጄ ጽፌ ነበር። «ያላገባሁ» የሚለው ደረቅ ስለመሰለኝ «ወንደላጤ መሆኔ ተገልጾ ይጻፍልኝ» አልኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደወደድኳት!

የመስኮቷ ልጅ አንብባ ቀና አለች። «ወንድሜ፣ እኛ የምንሰጠው ያላገባ ነው።»

«ያው አይደል እንዴ፣ እህቴ? ትርጉሙ አንድ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቴን ይዤ ማስረዳት ጀመርኩ። ከሁለቱ ቃላት ጀርባ ትርጉም የሚባል አንድ ነገር አለ፣ አንድ ልጅ የክርስትና ስምና የቤት ስም እንደሚኖረው ማለት ነው፣ አልኩ። ለካ ድምፄ ከፍ ብሎ ሰልፉ ጸጥ ብሏል። ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ፣ «ወንድሜ፣ ባለቤቴ ቤይሩት ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወጡን የምሠራው፣ ልብሱንም የማጥበው እኔ ነኝ። ወንደላጤ ነኝ። ያላገባ ግን ልባል ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ፤ ማመልከቻዬ በላቤ ርሶ ቀለሙ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ የሃርቫርዱ ፈላስፋ ኳይን እ.ኤ.አ. በ1951 በታወቀ ጽሑፉ የመረመረው የእንግሊዝኛውን «ወንደላጤ» እና «ያላገባ ወንድ» ነው። ከሱ በፊት ጀርመናዊው ፍሬገ ትርጉም ከማንም ጭንቅላት ውጭ ያለ፣ ሁላችንም የምንጋራው ነገር ነው ይል ነበር፤ ሰልፍ ላይ እኔ የተሟገትኩት ለሱ ነበር። ኳይን ግን ሁለት ቃላት ትርጉማቸው አንድ ነው ማለት ሌላ፣ ትርጉም የሚባል ነገር አለ ማለት ሌላ ነው አለ። አንድነቱም ቢሆን በምን እንደሚታወቅ አስቸግሮታል። አንዱን በሌላው ቦታ ተክተን እውነቱ ይጸና እንደሆን እንይ ቢባል፣ «ወንደላጤ» አምስት ፊደል ነው፤ «ያላገባ» ግን አራት ስለሆነ፣ ሲተካ እውነቱ ይፈርሳል።

እኔ አሁን ከኳይን ጋር ነኝ። ሁለት ልጆች ቁመታቸው እኩል ነው ስንል ጀርባ ለጀርባ አቁመን አይተን ነው እንጂ፣ ቁመት የሚባል ሦስተኛ ልጅ መሐላቸው ቆሞ አይደለም። የኔንም ቃላት ለመለየት ትርጉም የሚባለውን ነገር ማንም አውጥቶ አላሳየኝም፤ ሚስቱ ቤይሩት ያለች አንድ ሰው በቃ።

እስክሪብቶውን ያዋሰኝም እሱ ነው። «ያላገባሁ» ብዬ ደግሜ ጽፌ ከኋላው ተሰለፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ዞር አለና፣ «ምሳ ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ።

«ሽሮ» አልኩት።