ላም አለኝ በባሕር

የድሮ የባሕር ወንበዴዎች ንግድ የሚባል ነገር አልገባቸውም ነበር። ወራት ሙሉ ማዕበል ሲያላጋቸው፣ ነቀዝ የበላው ደረቅ ብስኩት ሲቆረጥሙ ከርመው ገንዘብ የሚያዩት መርከብ የያዙ ዕለት ብቻ ነው። ከእነርሱ ጋር በካሪቢያን ባሕር የዘመተው አሌክሳንደር ኤክስኬመሊን እ.ኤ.አ. በ1678 አምስተርዳም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ከመነሳታቸው በፊት ተሰብስበው ይዋዋላሉ፤ የውሉም መሠረት ምርኮ ካልተገኘ ክፍያ እንደሌለ ነው። መርከብ ሳይያዝ ለካፒቴኑም፣ ለአናጢውም፣ ለሐኪሙም ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አሠራር!

ደግነቱ ሙያው አሁን ብልህ እጅ ገብቷል። የዛሬ የቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች የባሕር ወንበዴን ጀብዱ ብቻ አይደለም የሚሸጡልን፤ ወንበዴዎቹ በሦስት መቶ ዓመት ያልደረሱበትን ጥበብ ደርሰውበታል። ክፍያው ይቅደም፣ ምርኮው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በዚህ ጥበብ የፈረንሳዩን ዩቢሶፍት የሚያስንቅ ያለ አይመስለኝም። በጁን 2017 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ኢ3 በተባለው ዓመታዊ ትርኢት፣ በአንድ መድረክ ሁለት የወንበዴ ጌሞች አሳየ። አንዱ «ስከል ኤንድ ቦንስ» ሲሆን ተጫዋቹ መርከቡን እየነዳ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ይዘርፋል። ሌላው «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል 2» ነው፤ በዚህኛው ባሕሩ ስለጠበባቸው ወንበዴዎቹ ወደ ጠፈር ወጥተዋል። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። «ስከል ኤንድ ቦንስ» በ2018 ይወጣል ተባለ፤ አልወጣም። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ኖቬምበር 8 ቀን 2022 ተብሎ ቁርጥ ቀን ተነገረ፤ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ማርች 9 ቀን 2023 ተገፋ፤ እሱም ሳይደርስ ዳግመኛ ተገፋ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2024 ወጣ። ሁለተኛው ጌም ደግሞ ከዚህም የላቀ ክብር ይገባዋል። የመጀመሪያ ማስታወቂያው የታየው በ2008 ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ጢሙን መላጨት ጀምሯል፤ ጌሙ ግን ገና እየተሠራ ነው። ዋና ፈጣሪው ሚሼል አንሴል በ2020 ከጌም ሥራ ተሰናብቶ ወደ ዱር እንስሳት መጠለያ ሄደ። አልፈርድበትም፤ እንስሳት ጌሙ መቼ ይወጣል ብለው አይጨቀጭቁም።

ኩባንያ ቢዘገይ ምን ነውር አለው? ሥራ ይከብዳል። የኔ አድናቆት ለዘገየው ሳይሆን ሳይዘገይ ለተከፈለው ገንዘብ ነው። ቀን በተቆረጠ ቁጥር «አስቀድመው ይዘዙ» የሚለው ቁልፍ ብቅ ይላል። አስቀድሞ ማዘዝ ድሮ ምክንያት ነበረው፤ ጌም በዲስክ ሲሸጥ ከሱቅ ያልቅ ነበር። ዛሬ ግን የሚሸጠው በኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ነው። ፋይል ያልቃል ብሎ ሠልፍ መያዝ የአየር እጥረት ይመጣል ብሎ ትንፋሽ እንደመሰብሰብ ያለ አርቆ አሳቢነት ነው። ለዚህ አስተዋይነት ሽልማቱም አይቀርም፦ ለካፒቴኑ ያሸበረቀ ልብስ፣ ለመርከቡም ጌጥ። መርከቡ ራሱ የለም እንጂ ጌጡስ ተዘጋጅቷል። ጨመር አድርጎ ውዱን ዓይነት የገዛ ደግሞ ከሌላው ሕዝብ 3 ቀን ቀድሞ እንዲጫወት ተፈቀደለት። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀ ሰው በ3 ቀን መቅደም ሲገዛ ያየ ሰው፣ ትዕግሥትና ችኮላ በአንድ ኪስ ውስጥ ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ ተምሯል።

ምስኪኑን የባሕር ወንበዴ ሄንሪ ኤቭሪን አስቡት። በ1695 ክረምት፣ ከሞካ የሚመለሱትን የሕንድ መርከቦች ለመጥለፍ ከደጃችን፣ ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ላይ፣ በዚያ ቃጠሎ አድብቶ ተቀምጧል። ዋናዎቹ መርከቦች በሌሊት ሾልከው አለፉት። አሳድዶ «ጋንጅ ኢ ሳዋይ» የተባለችውን የሙጋል ንጉሥ የአውራንግዜብን ግዙፍ መርከብ የያዘው በመድፍ ተታኩሶ ነው። ሰዎቹ በተሳፋሪዎቹ ላይ የፈጸሙት ግፍ ለመስማት የሚዘገንን ነው፤ ማንም እንዲያዝንላቸው አልፈልግም። ግን ድካማቸውን ከዛሬው ጋር ስታስተያዩት አያስቅም? ዛሬ መርከቧ ራሷ ትመጣለች፣ መልሕቋን ትጥላለች፣ የባንክ ካርድ ቁጥሯን ትሞላለች፣ ከዚያም «መቼ ነው የምትዘርፉኝ?» ብላ በየሳምንቱ ትጠይቃለች።

የተጠበቀው ጌም ሲወጣ ምን ተገኘ? ተጫዋቹ ጎራዴ መዝዞ የጠላት መርከብ ላይ የሚዘልበት ቅጽበት የለም። መድፍ ተኩሶ፣ ተጠግቶ፣ መንጠቆ ይወረውራል፤ የቀረውን አጭር ቪዲዮ ይጨርስለታል። ኩባንያው ራሱ በ2013 ባወጣው «አሳሲንስ ክሪድ 4፦ ብላክ ፍላግ» ውስጥ ይህ ዝላይ ነበረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ዕድገት ቀነሰው። በምትኩ የገባው ግን ይበልጣል። አስፈሪው የባሕር ወንበዴ እንጨት ሲያስፈልገው ከመርከቡ አይወርድም። ወደ ዳርቻው ጠጋ ይልና ስክሪኑ ላይ የሚንሸራተት መስመር ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ቁልፍ ይጫናል፤ የብስ ላይ የቆመው ግራር ተቆርጦ፣ ተሸክፎ መርከቡ ላይ ይገኛል። ግራር በዓይን የሚቆርጥ ካፒቴን! መጥረቢያ ይዞ የደከመ አባት ሁሉ ይህን አይቶ ይቅና።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ኢቭ ጊይሞ በዚያው በፌብሩዋሪ 2024 ስለ 70 ዶላሩ ዋጋ ከባለሀብቶች ጥያቄ ቀረበለት። ጌሙ የትልቅ ወጪ ጌሞች መጠሪያ ከሆነው ከሦስት ኤ ያለፈ፣ ባለ አራት ኤ መሆኑን መለሰ። ፈታኙም ተፈታኙም አራሚውም አንድ ሰው ሲሆን ውጤት ማማሩ ምን ይገርማል? ገበያው ግን ይህን ያህል ለጋስ ስላልነበረ ዋጋው ሳይውል ሳያድር በቅናሽ ሽያጭ ላይ ታየ። ቀድሞ የከፈለ ሰው እንግዲህ ብዙ ከፍሎ ትንሽ አገኘ፤ የዘገየው ትንሽ ከፍሎ የተጠገነውን አገኘ።

ኩባንያው የወንበዴዎቹን ውል አያውቅም ብሎ የሚያማ ቢኖር ግን ተሳስቷል። አሳምሮ ያውቃል፤ የሚሠራበትን ቦታ መርጦ ነው። በ2018 የጠፈሩን ጌም አፍቃሪዎች «ሂትሪኮርድ» በተባለው መድረክ በኩል ሥዕልና ሙዚቃ እንዲያዋጡ ጋበዛቸው። ክፍያ የሚያገኘው ሥራው ጌሙ ውስጥ የገባለት ሰው ነው፤ ያልገባለት ደክሞ ይቀራል። በርካታ ባለሙያዎች ይህ በነፃ ማሠራት ነው ብለው ጮኹ። እነሆ፣ ምርኮ ካልተገኘ ክፍያ የለም የሚለው ሕግ ሕያው ነው። ለደንበኛው ላብ ይሠራል፤ ለኩባንያው ካዝና አይሠራም።

የተቀረው የወንበዴ ሕግ ግን ተረስቷል። ወንበዴዎች ካፒቴናቸውን በድምፅ ይመርጡ፣ ሲከፋባቸውም ያወርዱት ነበር። በወንበዴው ካፒቴን በባርተሎሜው ሮበርትስ መርከብ የካፒቴኑ ድርሻ ከተራው መርከበኛ እጥፍ እንጂ ከዚያ አይበልጥም ነበር። ኤክስኬመሊን እንደሚዘረዝረው፣ ቀኝ እጁን ያጣ ከጋራው ገንዘብ 600 የብር ገንዘብ፣ ግራ እግሩን ያጣ 400፣ ዓይኑን ያጣ 100 ይቀበላል። እነዚህ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው እንግዲህ። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ሲዘጋው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች ጌሙን ብቻቸውን እንኳ መጫወት አልቻሉም። ለጠፋ ጌም ስንት ብር እንደሚካስ የሚናገር ዝርዝር አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቀድሞ ከፋዩ ነው። ጌሙን ተቸህ ብሎ ከሰው ጋር የሚጣላው እሱ፤ ሲዘገይ «ጊዜ ይስጧቸው፣ ይድከሙበት» ብሎ የሚሟገተው እሱ፤ ተሰብሮ ሲወጣ «ይስተካከላል» የሚለው እሱ። በሬ ካራጁ ይውላል ያለው የድሮ ሰው የጌም ማስታወቂያ አይቶ አያውቅም፤ ቢያይ ኖሮ በሬው ቢላውንም ራሱ እንደሚገዛ ይጨምርበት ነበር።

አዲስ አበባ በየሰፈሩ ያሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ልጆች ይህን ፍልስፍና ቢሰሙ ይስቁ ነበር። እዚያ ሕጉ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ጆይስቲኩን ሳይዝ፣ ኳሷ ሳትንከባለል፣ አሸናፊና ተሸናፊ ሳይለይ ሒሳብ የሚጠይቅ የለም። ባለቤቱ «ስድስት ዓመት ቆይታችሁ ትጫወታላችሁ፣ ለጊዜው ብሩን አምጡና ይህችን ቆብ ውሰዱ» ቢላቸው የሚመልሱለትን እዚህ መጻፍ አልችልም።

አሁንም ሌላ ሰፊ ባሕር፣ ሌላ የሚያምር ሸራ፣ ሌላ የማስታወቂያ ቪዲዮ መምጣቱ አይቀርም። እዩት፣ ተደሰቱበት፤ ማየት በነፃ ነው። ገንዘባችሁን ግን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ጌሙ ይውጣ፣ ሌላ ሰው ይጫወተው፣ ድክመቱን ይናገር፣ ዋጋውም ይቀንስ። «ስከል ኤንድ ቦንስ» በወጣ ሰሞን ለማንም የ8 ሰዓት ነፃ ሙከራ ተፈቅዶ ነበር፤ በስድስት ዓመት ቀጠሮ ያልተመለሰው ጥያቄ በእነዚያ 8 ሰዓታት ያለ አንድ ሳንቲም ተመልሷል። ያልተሠራ ጌም የገዛ ሰው ተጫዋች ሳይሆን ወለድ የማይታሰብለት አበዳሪ ነው።