ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ

በሪሞት የምትሄድ መኪና ስትበላሽ የምትበላሸው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው፤ የፊት ጎማዋ ሥር። ሞተሯ ደህና ነው፣ ባትሪዋ ይሞላል፣ የኋላ ጎማዎቿ ይሽከረከራሉ፣ መብራቷም ቦግ ይላል። መሪ ግን የላትም። ወይ ወደ አንድ ወገን ብቻ ትታጠፋለች፣ ወይ አንዱ ጎማ ወዲያ ሌላው ወዲህ እያየ ባለችበት ትዞራለች። ገልብጣችሁ ስታዩ ጎማውን ተሸክማ ግራና ቀኝ የምትዞረው ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ አንጓዋ፣ ለሁለት ተከፍላለች። ያን ሁሉ ብር የበላች መኪና ስለዚያች ቁራጭ ብላ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ልጁም ማልቀሱን ትቶ ይረሳታል።

መሰበሩን ችለነው ነበር። መኪናዋ እየበረረች የመንገድ ጠርዝ ስትመታ ምቱን የሚቀበለው የፊት ጎማ ነው፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲገፋ ኃይሉ በመሪው ዘንግ በኩል አድርጎ መሪውን እስከሚያዞረው ሰርቮ ድረስ ይሄዳል፤ በመካከል ካሉት ደካማ የሆነው ይለቃል። የኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ መሐል ያለው ክፍተት ትንሿን ጎማ ቀርጥፎ ይይዛታል። የሚያንገበግበው ሠሪዎቹ ይህን እያወቁ ከሁሉ የረከሰውን ፕላስቲክ እዚያ ማስቀመጣቸው፣ አስቀምጠውም መለዋወጫውን አለመሸጣቸው ነው።

መርካቶ ወርዳችሁ ጠይቁ። ሶማሌ ተራ ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ ላየች ቶዮታ እንኳ የመሪ ቴስቲና አይጠፋም። የመጫወቻዋን ስትጠይቁ ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ሙሉዋን ግዛ!» ሻጩ ላይ አልፈርድም። እሱ የመጣለትን ነው የሚሸጠው፤ የሚመጣለትም ካርቶን ሙሉ መኪና እንጂ በፌስታል የታሰረ የመሪ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ አንዲት ቁራጭ ለማግኘት ሌላ ሙሉ መኪና እንገዛለን፤ ያችም በተራዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ትሰበራለች።

ቀጥሎ ሙጫ ነው። አቤት የሱፐር ግሉ መከራ! ቤት ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ጣት ከጣት ይጣበቃል፣ ዕቃው ግን አይጣበቅም። ምክንያቱን ካርቶኑ ላይ ጽፎ የሚነግረን ስለሌለ ነው እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤቢኤስ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ሙጫ ይቀበላል። አሴቶን ያለበትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ብታስነኩት ላዩ ይሟሟና ይለጠፋል፤ በዚህ ታውቁታላችሁ። ጠንከር ያሉት መኪኖች የሚሠሩበት ናይለን ግን ቅባት የነካው ይመስላል፤ ሲያጎብጡት ይመለሳል፤ አሴቶን አይነካውም፤ ሱፐር ግሉም ላዩ ላይ ደርቆ በመጀመሪያው ምት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ሶዳ ነስንሰው ሙጫ የሚያንጠባጥቡበት ብልሃትም አለ። በሰከንድ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ እውነት ነው። ድንጋይ ደግሞ ምት አይችልም። የቆመ ዕቃ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ መሪ ላይ ግን አልመክርም።

ናይለን የሚድነው በመስፋት ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ ሚሊ ሜትር በማትሞላ መሰርሰሪያ ትበሱታላችሁ፣ ቀጭን የብረት ሽቦ አሳልፋችሁ በፒንሳ ታጠብቃላችሁ፣ በላዩ ጠንካራ ክር ደጋግማችሁ ጠምጥማችሁ ሁለቱ ተደባልቆ የሚደርቀውን ኤፖክሲ ታጠጡታላችሁ። ኤፖክሲውም ናይለኑን በደንብ አይዘውም፤ ሥራው ክሩንና ሽቦውን አንድ አድርጎ ማሰር ነው። አንጓዋ የምትዞርባት ቋሚ ብሎን የምታልፍበት ቀዳዳ ከተሰነጠቀ ደግሞ የብረት ቀለበት ይለብሳል። ቀለበቱን የት እናገኛለን ለምትሉ፣ የድሮ ሬዲዮ አንቴና ፈልጉ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባው ያ አንቴና ውፍረቱ የተለያየ የነሐስ ቱቦ ነው፤ ከቱቦዎቹ አንዱ ይገጥማል። ምናለሽ ተራ ለዚህ ለዚህ የምስጋና ቦታ ነው፤ ሌላው የጣለው የእኛ መለዋወጫ የሚሆነው እዚያ ነው።

የመሪው ዘንግ ከጠፋ ወይም ከተቀነጠሰ የብስክሌት ጎማ ራጂ ይበቃል። ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ብረቱም ጠንካራ ነው፤ ጫፎቹን በፒንሳ አጥፎ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ነው። ርዝመቱን ግን አደራ! የግራው ከቀኙ በትንሹ እንኳ ከበለጠ መኪናዋ ቀጥ ብላ አትሄድም። መሪ ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው በለጥ ብሎ መዞር አለበት፤ ይህን አሠራር ሩዶልፍ አከርማን ለንደን ላይ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1818 ለፈረስ ሠረገላ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን ዕውቀት የዛሬ መጫወቻ ሠሪ ያጓድለዋል።

የተማረረ ሰው መጨረሻ ላይ ሁሉንም ብረት ላድርገው ይላል። አሉሚኒየም አንጓ፣ አሉሚኒየም ክንድ፣ አሉሚኒየም ዘንግ። ይህን ምክር ለሰው የሚያድሉትን እባካችሁ ተዉ እላቸዋለሁ። ምቱ የትም አይጠፋም፤ አንጓው አልሰበር ካለ አንጓውን ወደያዘው ክንድ ያልፋል፣ ክንዱ ከቻለ የሰርቮውን ጥርስ ይበላል። ናይለን ጎብጦ ይመለሳል፤ አሉሚኒየም ጎብጦ እንደጎበጠ ይቀራል። ሰርቮው ላይ ሞላ ያለባት ክንድ ካለች እሷን አትንኩ፤ የተሠራችው ምት ሲመጣ እንድትሸሽ ነው። ሞላዋ ላልቷል ብሎ በሙጫ ያደረቃት ሰው በማግስቱ ሰርቮ ሲፈልግ ይውላል። ናይለን ዕቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ መሰባበሩ ይቀንሳል፤ ናይለን እርጥበት ይጠጣል፣ በጣም ሲደርቅ ነው የሚሰነጠቀው። ከአሉሚኒየም በፊት ይህን መሞከር ምንም አያስወጣም።

ወይ ሰርቮ! እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። ለተማሪዎች የሮቦት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ኤስጂ 90 የምትባለዋን 9 ግራም ሰርቮ አያጡም። ደስ ብሎን ገዝተን እንመጣለን፤ የእሷ ሽቦ ሦስት ነው፣ የመኪናችን አምስት። የሦስቱ አእምሮ እዚያው ሳጥኗ ውስጥ ነው፤ የአምስቱ ግን መኪናዋ ዋና ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሽቦ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሦስቱ መሪው የት እንደደረሰ ይናገራል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ዝም ብሎ አይገባም። ሽቦው ገጠመ እንበል፤ የሰርቮው ክንድ የሚገባበት ጥርስ ይቀራል። ፉታባ 25 ጥርስ፣ ሃይቴክ 24፣ ሳንዋ 23። በዓይን አይለዩም፤ ተገፍተው ከገቡ ደግሞ ፕላስቲኩን ይላጩታል። ለአንድ ተመሳሳይ ሥራ ሦስት ዓይነት ጥርስ ለማን ይጠቅማል? ለገዢው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ሠሪዎቹ መለዋወጫ መሸጥ አይቻልም እንዳይሉን የሚቻልበትን አይተናል። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያዋን በሪሞት የምትሄድ መኪናውን፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣትን ሆርኔትን ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ሠርቷታል። ገዢው ራሱ ከብሎን ጀምሮ ይገጣጥማታል፤ ከመመሪያው ጋር የዕቃዎቹ ቁጥር አለ፤ የተሰበረውን በቁጥሩ ማዘዝ ነው። መኪናዋ ውድ ናት፣ አልክድም። ግን ለዕቃ ቁጥር መስጠት ስንት ያስወጣል? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2021 ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ ነጥብ ተሰጥቷቸው ነጥቡ ለገዢ እንዲታይ አስገድዳለች። መጫወቻ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ አልገባም። የሕፃን ዕቃ ቢጣል ማን ይጠይቃል ብለው ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ለዘመዶቻችን። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን መኪና የምትልኩልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግን ሻንጣ ጠበበ ብላችሁ ካርቶኑን አትጣሉብን። የሞዴሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ መኪናዋ ሆድ ላይ ፈልገን አናገኘውም። ካርቶኑ አይገባም ካላችሁ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። እናንተ ያላችሁበት ዕቃው በቁጥሩ የሚታዘዝ ከሆነም የፊት አንጓ የግራና የቀኝ፣ ሁለት የመሪ ዘንግ፣ አንድ ሰርቮ ጨምሩበት፤ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ጥንድ ካልሲ አይከብድም።