ኪሎ ሜትሩ ያው፣ ሰዓቱ ሌላ

የእህቴ ልጅ ስልኩን ጎርጉሮ፣ «ጋሼ፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ቢበር 13 ሰዓት አይሞላም!» አለኝ።

«ከማካፈልህ በፊት ሻንጣህን መዝነው።»

«ሁለት ነው፤ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ።»

«ሽሮው ብቻ?»

ሳቀ እንጂ አልተረታም። «ታዲያ ሲመለስ በ13 ሰዓት ገደማ ቀጥ ብሎ የሚመጣው አውሮፕላን፣ ሲሄድ ለዓመታት ደብሊን ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው ምን ነክቶት ነው? መንገዱ አንድ አይደል?»

መንገዱማ አንድ ነው፤ መነሻው ነው የተለየው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። እኛ «ከፍታ ላይ ነን» እያልን ስንፎክር፣ የከፍታውን ሒሳብ የሚከፍለው አውሮፕላኑ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን የሚያነሳው ያንሳል፣ ሞተሩም የሚስበው አየር አይበቃውም። ነዳጁም ሙሉ፣ ሰዉም ሙሉ፣ ሽሮውም ሙሉ ከሆነ ማኮብኮቢያው አልቆ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ መቀነስ አለበት። ሰው ይቀነስ ቢባል፣ ቪዛ በእጁ ያለ ማን ይወርዳል? ነዳጁ ተቀነሰ።

ደለስ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። እዚያ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፤ አትላንቲክ ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ሲሄድ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ነው።

«እንግዲያው ወደ አገር መመለስ ከመሄድ ይቀላላ!»

«ለአውሮፕላኑ! ‹ለሚቀጥለው ዓመት ጠቅልዬ እገባለሁ› የሚለውን ዲያስፖራማ ነፋሱ ሃያ ዓመት ገፍቶት አልነቃነቀውም።»

ልጁ ሌላ ሞከረ። «ማታ ተነስቶ በማግሥቱ ጠዋት ከደረሰ፣ የቀረው ሰዓት የት ገባ?» የትም አልገባ፤ ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነች። አሜሪካኖች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ እኛ የምናዛውረው ቀጠሮ ብቻ ነው።

ስልኩ የሚቆጥረው ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ ነው። የፍተሻውን ወረፋ፣ የኢሚግሬሽኑን ጥያቄ፣ ቨርጂኒያ ካለው ደለስ እስከ ዋሽንግተን መሐል ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አያውቀውም። (የአክስትህን ስንብት ቢቆጥርማ ባትሪው ባለቀ!)

መንገደኛ ሆይ፣ ሊቀበልህ ለሚወጣው ዘመድ ኪሎ ሜትር አካፍለህ አትላክለት። ትኬቱ ላይ ያለውን የመድረሻ ሰዓት ላክለት፤ የተጻፈው በዚያው በሚደርሱበት ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው ላይ 22:30 የሚል ካየህ ደግሞ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ከመነሻው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድመህ ቦሌ ተገኝ።