ሳይጠጣ የተቀመጠው ፍንጃል

በደቡብ ዮርዳኖስ፣ በዋዲ ራም በረሃ የሚኖሩት በድው የሚባሉ የዓረብ ዘላኖች እንግዳ ሲመጣ ቡናውን ቆልተው «ሚህባሽ» በተባለ የእንጨት ሙቀጫ የሚወቅጡት ምቱን እየጠበቁ ነው፤ ድምፁ እንግዳ መኖሩን ለጎረቤት ያበስራልና። ሄል ገብቶበት የሚፈላው ይህ ቡና ስኳር አይነካውም፤ «ዳላህ» ከሚሉት አፍንጫ ረጅም ጀበናም እጀታ በሌለው ፍንጃል ጥቂት ብቻ ይቀዳል። ከሥርዓቱ ሁሉ የሚከብደው ግን ሳይጠጣ የሚቀመጠው ፍንጃል ነው፦ እንግዳ ቡናውን ሳይቀምስ ከፊቱ ካኖረው ጉዳይ አለኝ ማለቱ ሲሆን፣ ልጅ ሊጠይቁ የሚመጡ ሽማግሌዎችም የሚጠጡት የልጅቱ ወገን የጠየቁትን ከፈቀደላቸው በኋላ ነው።

አገር ለማየት ወደዚያው የዘለቀ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን አያውቅም ነበር፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየቆጠረ ያደገ ሰው ስላልተጠጣ ቡና የሚጨነቅበት ምክንያትም የለውም። ወቅቱ ሁዳዴ፣ ሰዓቱም ረፋድ ስለነበር ፍንጃሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሊጠጣው አስቦ፣ ከፊቱ በጥንቃቄ አኖረው። ከፍየል ጠጉር በተሠራው ድንኳን ውስጥ ወሬው ቆመ። የቤቱ ጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉዳዩን ቢጠይቁት፣ ምንም ጉዳይ እንደሌለው በትሕትና መለሰ፤ ይህም ነገሩን አባሰው፣ እንዲህ አጥብቆ የሚግደረደር ትልቅ ጉዳይ የያዘ ሰው ነውና። የሴቶቹን ክፍል ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ሹክሹክታ ተነሣ፤ ባለቤቱም ወደ መጋረጃው፣ ከዚያም ወደ እንግዳው ዕድሜ መለስ ብለው ያዩ ጀመር።

በመጨረሻ ሾፌሩ አስተርጓሚ ሆኖ ሰውዬው ጾመኛ መሆኑን ሲያስረዳ ሁሉም ሳቁ፤ ሆኖም ጾመኛን ሳያስፈጥሩ መሸኘት ለረመዳን ጿሚዎች ነውር በመሆኑ ሊሄድ አልተፈቀደለትም፣ በግም ታረደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀረበው መንሰፍ፣ ማለትም «ጀሚድ» በሚባል የደረቀ እርጎ መረቅ የበሰለ የበግ ሥጋ በሩዝ ላይ የተከመረበት የዮርዳኖስ ብሔራዊ ምግብ፣ ለሁዳዴ ጿሚ ሥጋውም እርጎውም እኩል የተከለከለ ነበር። ሾፌሩ ማስረዳቱን እንደገና ከመጀመሩ በፊት እንግዳው አዲስ የተቀዳለትን ፍንጃል መሬት ሳያስነካ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።